አይቆጠርልሽም

ልጄ የቪአር መነጽር አድርጋ ስትጨፍር ጭፈራዋን ፈተና ያደረግኩባት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፤ ጨዋታውም አላስገደደኝም። ለነፍስ አባቴ ልናገረው አስቤ አውቃለሁ። ነገር ግን ልጅ አልመታሁ፣ ክፉ ቃል ከአፌ አልወጣ፣ ከየት ጀምሬ እንደምነግራቸው ስላጣሁት ተውኩት። ለእናንተ መናገሩ ይቀል መስሎኝ ነበር። ስጀምረው ግን አልቀለለኝም፤ ጥፋቱ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ጨዋታውን ማስረዳት አለብኝ፣ ጨዋታውን ባስረዳሁ ቁጥር ደግሞ ምን ያህል አውቄ እንዳጠፋሁ እየጎላ ይመጣል።

ጨዋታው ቢት ሴበር ይባላል። የተሠራው በቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በፕራግ፣ ቢት ጌምስ በሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 2018 ለኮምፒውተር ወጣ፤ በዓመቱ፣ ሜይ 2019፣ ኮምፒውተር ለማይፈልገው ለኦኩለስ ኩዌስት መነጽር ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ፌስቡክ ኩባንያውን ገዛው። መነጽሩን ያደረገ ሰው ሳሎኑ ይጠፋበትና ራሱን ጨለም ባለ ረጅም መተላለፊያ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። በግራ እጁ ቀይ፣ በቀኝ እጁ ሰማያዊ የብርሃን ጎራዴ ይዟል። ዘፈኑ ሲጀምር ከሩቅ ቀይና ሰማያዊ ኩቦች በምቱ ልክ ወደሱ ይመጣሉ። እያንዳንዱ ላይ ቀስት አለ፤ በቀለሙ ጎራዴ፣ ቀስቱ ባመለከተው አቅጣጫ መቁረጥ ነው። ግድግዳ ሲመጣ ጎንበስ ወይም ገለል ይባላል፤ ፈንጂ ሲመጣ አይነካም። በቃ ይኸው ነው። ተጫዋቹ ከቆመበት አይሄድም፤ ነገሩ ሁሉ ወደሱ ይመጣል።

አይሄድም ስል እግሩ ከቦታው አይርቅም ማለቴ ነው እንጂ ገላውማ ይጨፍራል። ዘፈን እየሰማ፣ በምቱ እጁን እያወናጨፈ፣ ማንም አያየኝም ብሎ ያመነ ሰው ከመጨፈር ምን ይከለክለዋል? ልጄንም ምንም አልከለከላትም፤ እኔ እስክገባበት ድረስ።

መነጽሩን የገዛሁት በኮሮና ጊዜ ነው። ኩዌስት 2 በኦክቶበር 2020 በ299 ዶላር ወጥቶ ነበር። ልጄ 13 ዓመቷን ደፍናለች፤ አምራቹ ያኔ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ዕድሜም 13 ነበር። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አፓርታማ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ትምህርቱ በላፕቶፕ ሆኗል፤ ሰርግ የለ፣ ክርስትና የለ፣ ልደት የለ። እሷ ደግሞ ሰርግ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር መሃል ገብታ እስክስታ ስትወርድ ትልልቆቹ ክብ ሠርተው ያጨበጭቡላት ነበር። ያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀረባት። መነጽሩ የመጣው በዚያ ሰዓት ነው።

እንዴት ትጫወተው እንደነበር ልንገራችሁ፤ ያኔ በዓይኔ ማየት ሲገባኝ አሁን በትዝታ ነው የማየው። በዘፈኑ ውስጥ ኩብ የማይመጣበት ትንሽ ክፍተት አለ፣ ምቱ እየቀጠለ መንገዱ ባዶ የሚሆንበት። ሌላው ተጫዋች በዚያች ቅጽበት እጁን ያሳርፋል። ልጄ ግን ክፍተቱን ለትከሻዋ ትሰጠው ነበር። ጎራዴዎቹን ወደ ጎንና ጎን ዘርግታ፣ አንገቷን ሰበቅ አድርጋ፣ ከጉልበቷ ዝቅ ብላ ትከሻዋን እንደ እናቷ ትነቀንቃለች። አንዳንዴ እሱን ስታሳምር ቀጣዩ ኩብ መጥቶ ያልፋታል። ማለፉ ግድ አይሰጣትም። የጨዋታውን የመጀመሪያ ዘፈኖች በአብዛኛው የደረሰው ከመሥራቾቹ አንዱ፣ ያሮስላቭ ቤክ የተባለ የቼክ ሙዚቀኛ ነው። በኮምፒውተር የቀመረው ሙዚቃ ላይ እስክስታ ይወረዳል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ልጄ ወረደችበት። ማንም ሳያስተምራት ሁለቱን አገናኝታ የራሷ አደረገችው። የመነጽሩ ድምፅ ከማሰሪያው ስለሚወጣ ጆሮ አይደፍንም፤ እናቷ ኩሽና በር ላይ ቆማ ስታጨበጭብላት ትሰማታለች፣ ትስቃለች፣ ይብስ ትጨምራለች። ስትጨርስ ፊት ላይ የሚያርፈው የመነጽሩ ስፖንጅ በላብ ርሶ ይወጣል። ጨርቅ ይዞ እሱን መጥረግ የኔ ድርሻ ነበር።

እኔ ግን የት ነበርኩ? ሶፋው ላይ። መነጽሩ ውስጥ የሚታየውን ወደ ቲቪ መላክ ይቻላል፤ ያገናኘሁትም እኔ ነኝ፣ የምታየውን ለማየት ብዬ። ከዚያ ጀምሮ እሷ ሳሎኑ መሃል ስትጨፍር እኔ ፊቴን ወደ ቲቪው አዙሬ እቀመጣለሁ። ቲቪው ላይ ልጄ የለችም። ሁለት ጎራዴ አለ፣ የሚመጣ ኩብ አለ፣ በጎን ደግሞ የሚጨምር ቁጥር አለ። ዘፈኑ ሲያልቅ ውጤቱ በፊደል ይወጣል፤ ሊገኝ ከሚችለው ነጥብ ከመቶ 90 ያለፈ ድርብ ኤስ፣ 80 ያለፈ ኤስ፣ 65 ያለፈ ኤ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ከዚያ የተጫዋቾች ስም በደረጃ ተደርድሮ ይመጣል። ዝርዝሩ ላይ ስሟን ፈለግኩ። ታች ነበር። "ስንተኛ ወጣሽ ማለት ነው?" አልኳት።

ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። ወይም ሳላስበው ነው ብል ይቀለኛል። አባቴ በመንፈቁ መጨረሻ ካርዴ ላይ ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነበር፤ ስነግረው ደግሞ "ከስንት ተማሪ?" ይላል። እኔ በዚህ አልተጎዳሁም ብዬ ነው የኖርኩት። ተጎድቼ ከሆነም ሰበብ አይሆነኝም። አባቴ የጠየቀኝ ስለ ሒሳብና ስለ ሳይንስ ነው፤ እኔ የጠየቅኳት ስለ ጭፈራ ነው።

ከዚያ ስለ ጨዋታው ማንበብ ጀመርኩ። ላግዛት ብዬ ነው፤ ለራሴ ያልኩት እንዲህ ነው። አንድ ኩብ ቢበዛ 115 ነጥብ አለው። 70ው ጎራዴው ኩቡን ከመቁረጡ በፊት ለሚጠርገው 100 ዲግሪ ማዕዘን ነው፤ 30ው ከቆረጠ በኋላ ለሚቀጥልበት 60 ዲግሪ፤ የቀረው 15 ስለቱ በኩቡ መሃል ለማለፉ። ሳይስቱ ሲከታተሉ ነጥቡ እስከ ስምንት እጥፍ ይባዛል፣ ሲስቱ ይቀንሳል። ማዕዘኑን ያስገቡት ሰው እጁን ዘርግቶ በደንብ እንዲያወናጭፍ ብለው ይመስለኛል። ነገር ግን የሚለካው የጎራዴው መዞር እንጂ የክንድ መዘርጋት ስላልሆነ፣ ክርንን ከጎን አስጠግቶ የእጅ አንጓን በማዞር አብዛኛውን ማዕዘን መሙላት ይቻላል። ይህን ስደርስበት ደስ አለኝ። ያ ደስታ አሁንም ትዝ ይለኛል፤ ንጹሕ ደስታ ነበር፣ ለዚህ ነው ያልጠረጠርኩት።

አስተማርኳት። በእጅ የሚያዙትን ኮንትሮለሮች ይዤ ፊቷ ቆሜ አሳየኋት፤ ክርንሽን ሰብስቢ፣ ከአንጓሽ አዙሪ፣ እግርሽን አታንሺ። ልጄ የተነገራትን የምትሰማ ልጅ ናት። ዘፈኑ ተጀመረ፣ ክፍተቱ መጣ፣ ትከሻዋ ሊጀምር ሲል "ትከሻሽን ተይው" አልኳት፤ "አይቆጠርልሽም።"

የምናዘዘው ስለዚህች ቃል ነው። ውሸት አልነበረችም። የዚያ መነጽር አራት ካሜራዎች ክፍሉን እያዩ የራስን እንቅስቃሴ ይለካሉ፤ ከኮንትሮለሮቹ የሚወጣውን ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን እየተከታተሉ እጆች የት እንዳሉ ያውቃሉ። ጨዋታው የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው፤ ራስ፣ ግራ እጅ፣ ቀኝ እጅ። ትከሻ ላይ ምንም የለም። ወገብ ላይ ምንም የለም። አንዱ ደርቆ ቆሞ እጁን ብቻ ቢያዞር፣ ሌላው መላ አካሉ ቢጨፍር፣ ጎራዴያቸው እኩል ከሄደ ነጥባቸው እኩል ነው። በስሙ ዳንስ የሆነው ዳንስ ሴንትራል የሚባለው ጨዋታ እንኳ እንደዚሁ ነው። በ2010 ኪኔክት ለሚባለው ካሜራ ሲወጣ ካሜራው ትከሻን ጨምሮ የተጫዋቹን 20 መገጣጠሚያዎች ይከታተል ነበር፤ በ2019 ወደ ቪአር ሲመጣ የቀረለት ራስና ሁለት እጅ ነው። ከሁሉም በፊት በ1998 ኮናሚ ያወጣው ዳንስ ዳንስ ሪቮሉሽን ደግሞ የሚቆጥረው እግርን ብቻ ነበር። እዚያም ለነጥብ የሚጫወቱት ከኋላቸው ያለውን ብረት ይዘው ከወገብ በላይ ጸጥ ይላሉ፤ ለጭፈራው የሚጫወቱት ግን ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተው እየተሽከረከሩ ይደንሳሉ። ልጄ ማንም ሳይነግራት ከሁለተኞቹ ወገን ሆና ነበር የጀመረችው። ወገን ያስቀየርኳት እኔ ነኝ።

ቃሏ እውነት መሆኗ ነው የከፋው። ውሸት ነግሬያት ቢሆን አንድ ቀን ትደርስበትና አባዬ አያውቅም ብላ ትተወው ነበር። እውነት ስለሆነች ግን ተቀበለችኝ፤ ስትቀበለኝም ውጤቷ ወዲያው ከፍ አለ። ኤ የነበረው ኤስ ሆነ፣ ኤስ የነበረው ድርብ ኤስ። ስሟ በዝርዝሩ ላይ መውጣት ጀመረ። ሥራ ቦታ ስልኬን አውጥቼ ላላዩትም ለማይገባቸውም ሰዎች አሳይ ነበር። ፎቶው ላይ ያለው ቁጥር ነው። እሷ ስትጨፍር የተነሳ አንድም ፎቶ የለኝም።

ባለቤቴ አንድ ቀን "ተዋት ትጨፍር" አለችኝ። "እየጨፈረች እኮ ነው" አልኳት፣ ዓይኔን ከቲቪው ሳላነሳ። ኩሽና በር ላይ ማጨብጨቧን መቼ እንደተወችው አላውቅም። አለማወቄም ከጥፋቱ ይቆጠርብኝ።

ለምን አደረግኩት? ሲጠይቁኝ ሳይሆን ራሴን ስጠይቅ የምመልሰው ብዙ ነበረኝ። ከታች ያሉት ጎረቤቶች በእግሯ ድምፅ እንዳይቸገሩ ነው እል ነበር። ጎረቤቶቹ አንድም ቀን ቅሬታ አላሰሙም። በጀመረችው ነገር ጎበዝ እንድትሆን ነው እል ነበር፤ ይህ ግማሽ እውነት አለው፣ ለዚህም ነው ለረጅም ጊዜ ያገለገለኝ። የቀረውን ግማሽ ለማግኘት ብዙ ቆየሁ። እኔ መጨፈር አልችልም። ሰርግ ላይ ሁሉም ሲነሳ የሰው ኮት እየጠበቅኩ ጠረጴዛ ላይ እቀራለሁ። ሚስቴና ልጄ ፊት ለፊት ቆመው እስክስታ ሲወርዱ ከሩቅ ሳያቸው ደስ ይለኛል፣ ደስ ሲለኝም አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤ እኔ የምገባበት በር የለም። ነጥቡ በር ሆነልኝ። በቁጥሩ በኩል ስገባ የማውቅ እኔ ሆንኩ፣ የማርም እኔ ሆንኩ፣ እናቷ ደግሞ ዳር ቆመች። ጭፈራው እኔ እስክገባበት ድረስ ጠበበ። ይህን ፍቅር ነው ብዬ ብናገር አልዋሽም፤ ከልጄ ጋር መሆን ፈልጌ ነው። ግን ቅናትም ነው፤ ያለኔ ሙሉ የነበረውን ነገር ያለኔ እንዳይሆን አድርጌ ነው የተቀላቀልኩት።

ያወቅኩበት ቀን ምንም የተለየ ነገር አልተፈጠረም። ኤክስፐርት በሚባለው ከባድ ደረጃ አንድ ዘፈን ጨርሳ ድርብ ኤስ አመጣች። ስንፈልገው የቆየነው ዘፈን ነበር፤ ስንፈልገው ስል ስፈልገው ማለቴ ነው። እንደ ልማዴ ጨርቁን ይዤ ከሶፋው ተነሳሁ። መነጽሩን አውልቃ ሰጠችኝ። ስፖንጁን ስነካው ደረቅ ነው። ገልብጬ በሌላው ጎን ነካሁት፤ ደረቅ ነው። ቀና ስል ልጄ እግሯን ገጥማ፣ እጇን ወደ ታች አድርጋ ቆማለች፤ ግንባሯ ላይ ያለው የመነጽሩ ጠርዝ የሠራው ምልክት ብቻ ነው።

"አባዬ፣ ይበቃል?" አለችኝ።

የቤት ሥራዋን ጨርሳ ደብተሯን ስታቀብለኝ በምትጠይቅበት ድምፅ ነው የጠየቀችኝ። ድሮ "አንድ ዘፈን ብቻ፣ አንድ ብቻ" እያለች የምትለምን፣ እራት ቀርቦ የምትጎተት ልጅ ነበረች። ጨርቁን እንደያዝኩ ገባኝ። ገባኝ ስል ሁሉም በአንድ ጊዜ አልገባኝም፤ መጀመሪያ የገባኝ ላቧ መቅረቱ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ትከሻዋን ካየሁት ብዙ ጊዜ መሆኑ፣ ማታ ከተኛሁ በኋላ ደግሞ ተይው ያልኳት እኔ መሆኔ። እሷ ግን ፊቴ ቆማ መልስ እየጠበቀች ነበር። የመለስኩላት "ድርብ ኤስ እኮ አመጣሽ!" ብዬ ነው። ከገባኝ በኋላ ያልኩት ይህን ነው። ከዚያ በፊት ያደረግኩትን በደስታዬ ውስጥ ሆኜ ነው ያደረግኩት ልል እችላለሁ፤ ለዚህኛው ግን የምለው የለኝም።

ቆይቼ ነገርኳት። "ትከሻሽን ተይው ያልኩሽ ጥፋት ነው፤ እንደፈለግሽ ጨፍሪ" አልኳት። "እሺ" አለች፤ ልክ ክርንሽን ሰብስቢ ስላት እሺ እንዳለችው። እንደፈለግሽ የሚለውም ከኔ አፍ ሲወጣ ትእዛዝ ሆነ። ቲቪውን አላቀቅኩት። ቢስቱም ዘፈኑ የማይቋረጥበት ምርጫ ጨዋታው ውስጥ አለ፤ እሱን ከፈትኩላት። ስትጫወት አየኋት፤ በዚህ ጊዜ እሷን ነው ያየሁት። ክፍተቱ ሲመጣ ሁለት እጇን ዝቅ አድርጋ የሚቀጥለውን ኩብ ትጠብቃለች።

በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ራሱም ይተወው ነበር የሚሉኝ አሉ። ሊሆን ይችላል። የ13 ዓመት ልጅ በ14 ዓመቷ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ በሰው ፊት ማፈር የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ግን በራሷ ጊዜ ብትተወው ኖሮ የተወችው እሷ ትሆን ነበር። አይዞህ፣ ልጅ ይረሳል እንድትሉኝም አይደለም የነገርኳችሁ። ጨዋታውንም እንዳትወቅሱልኝ እለምናችኋለሁ፤ ብዙ ሰው ከተቀመጠበት ተነስቶ በሱ ላብ አውጥቷል፣ የኔም ቤት እስካበላሸው ድረስ በሱ ደስ ብሎት ነበር። ጨዋታው የሚቆጥረውን ይቆጥራል። ያልቆጠረውን እንድትተው ያዘዛት እሱ አይደለም።

በመጨረሻ ሌላ ጨዋታ ገዛሁላት። ሲንዝ ራይደርስ ይባላል፣ ሎስ አንጀለስ ያለው ክሉጅ ኢንተራክቲቭ የሠራው ነው። ጎራዴ የለውም፣ የሚቆረጥም የለም። የሚመጡ የብርሃን ኳሶችን በእጅ መንካት፣ አየር ላይ የተዘረጋውን የተጠማዘዘ መስመር በእጅ እየተከተሉ መሄድ ነው። እጅ መስመሩን ሲከተል ክንድ ይከተላል፣ ክንድ ሲከተል ትከሻም ወገብም አብሮ ይሳባል፤ ብዙዎች ለዳንስ ይቀርባል የሚሉት ለዚህ ነው። ይመለስላታል ብዬ አሰብኩ። ያበላሸሁትን ነገር በሌላ ዕቃ ልጠግን መፈለጌ ያኔ አልታየኝም።

መነጽሩን አደረገች፤ ማሰሪያውን አጠበቀች። ዘፈን ሳትመርጥ ቆም አለችና ድምፄ ወዳለበት ዞረች። "ይሄኛው እንዴት ነው የሚቆጠረው?" አለችኝ።

አስረዳኋት። ከመግዛቴ በፊት አንብቤ በቃሌ ይዤው ነበር።